ላም አለኝ በሰማይ! ገንዘቡ ሄዶ ዕቃው ሲቀር

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው። በእጁ የሌለውን ነገር «የኔ ነው» እያለ የሚጽናናውን ለመተረብ የተባለ ነበር። በዚህ በኛ ዘመን ግን ተረቱ ተረት መሆኑ ቀርቶ የብዙ ሰው ኑሮ ሆኖ አረፈው። በኢንተርኔት ጨረታ ተጫርቶ «እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸንፈዋል!» የተባለ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ የከፈለ፣ ዕቃው ግን የውሃ ሽታ ሆኖ የቀረበት ሰው ላሙ በሰማይ ነች። ፎቶዋን አይቷል፤ ዋጋዋን ከፍሏል፤ ደረሰኟም በስልኩ ውስጥ አለ። ወተቷ ግን የለም።

እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?» ብሎ አፍሮ ዝም ይላል፤ ወይ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ሻጩን ሲለማመጥ ከርሞ በአራተኛው ወር «ኡ! ኡ!» ይላል። ሁለቱም ለሌባው ሠርግና ምላሽ ናቸው። ዝም ያለው ሰው ሌባውን ለሚቀጥለው ገዢ አሳልፎ ሰጥቶታል። ዘግይቶ የጮኸውም ጅብ ከሄደ በኋላ እንደምትጮኸው ውሻ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ነገር አጭር ነው። የተበላ ገንዘብን ማስመለስ የዕድል ጉዳይ አይደለም፤ የሦስት ጥያቄዎች ጉዳይ ነው። በምን መንገድ ከፈሉ? በስንት ቀን ውስጥ አመለከቱ? ማስረጃዎስ የታለ? ለሦስቱም መልስ ያለው ሰው ገንዘቡ ወደ ኪሱ የመመለስ ተስፋው ሰፊ ነው። የሚያስቆጨው ሌላው ነገር ነው። አንዱ አገር ያለው ገዢ ከቤቱ ሳይወጣ ገንዘቡን ሲያስመልስ፣ ሌላው አገር ያለው ደግሞ ሕጉ በወረቀት ላይ ተጽፎለት «የት ልሂድ?» እያለ ይንከራተታል። ወደዚያም እንመጣለን።

ከተሰበረ ዕቃ የተነሳ ገበያ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው እንጀምር። ዛሬ ኢቤይ የሚባለው ገበያ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ነው። ፒየር ኦሚድያር የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ «ኦክሽን ዌብ» ብሎ ሲጀምረው መጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር ጠቋሚ ነበር ይባላል። ዋጋው 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም። ዕቃው የተሰበረ መሆኑ ተነግሮ ነው የተሸጠው፤ ገዢውም ዐውቆ ነው የገዛው። ልብ በሉ! የተሰበረ ዕቃ መሸጥ ነውር አይደለም። ነውሩ የተሰበረውን ደኅና ነው ብሎ መሸጥ ነው። ከነውርም የባሰ ነውር ደግሞ ምንም ዕቃ ሳይኖር መሸጥ ነው።

ችግሩ ከመጀመሪያው ቀን የነበረ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ ኒውዮርክ አንዱ ቴክሳስ ሆነው፣ ማን ቀድሞ እጁን ይዘርጋ? ገዢው ቀድሞ ቢከፍል ሻጩ ሊክደው ነው። ሻጩ ቀድሞ ቢልክ ገዢው ሊክደው ነው። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1996 ያመጣው መላ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው ምስክርነት የሚሰጥበትን መዝገብ ነበር። እንደ መንደር ሐሜት ያለ፣ ግን ተጽፎ የሚቀመጥ። መላው ጠቅሟል። ነገር ግን ሐሜት ገንዘብ አያስመልስም። ብልጡ ሌባ መቶ ትንንሽ ዕቃ በትክክል ልኮ፣ ምስጋናውን ሰብስቦ፣ በመጨረሻ ሃምሳ ውድ ካሜራ «ሸጦ» ይሰወራል። ስም እንደ ገንዘብ ይጠራቀማል፤ ሲያስፈልግም እንደ ገንዘብ ይመነዘራል።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የኢንተርኔት ማጭበርበር አቤቱታ የሚቀበል ማዕከል ሲከፈት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንደኝነቱን ቦታ የያዘው አቤቱታ የጨረታ ማጭበርበር ነበር። እንግዲህ የገዢው ጩኸት፣ የመንግሥቱ ግፊትና የገበያው ፍራቻ ተደማምሮ ነው ዛሬ ያለው ዋስትና የመጣው። ማንም ነጋዴ በገዛ ደግነቱ «ገንዘብህን እመልስልሃለሁ» ብሎ አልተነሳም። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ታስፈልገናለች።

የሠላሳ ቀኑ ሰዓት

የኢቤይ የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና አሠራር እንዲህ ነው። ዕቃው ይደርሳል የተባለበት የመጨረሻ ቀን ካለፈ ገዢው በዚያው በኢቤይ ላይ «ዕቃው አልደረሰኝም» ብሎ ያመለክታል። ለዚህ ያለው ጊዜ ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንስቶ 30 ቀን ነው። ሻጩ መልስ እንዲሰጥ 3 የሥራ ቀን ይሰጠዋል። ወይ ዕቃውን ያደርሳል፣ ወይ መድረሱን ያስረዳል፣ ወይ ገንዘቡን ይመልሳል። ከሦስቱ አንዱንም ካላደረገ ገዢው «ኢቤይ ጣልቃ ይግባልኝ» ይላል፤ ኢቤይም አይቶ ይወስናል። ሻጩ ያቀረበው የመከታተያ ቁጥር ዕቃው ገዢው አድራሻ መድረሱን ካላሳየ ፍርዱ ለገዢው ነው። 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ለወጣበት ዕቃ ደግሞ «ደርሷል» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የተቀባይ ፊርማ ይጠየቃል።

ሌባው ይህን ደንብ ከገዢው አብልጦ ያውቀዋል። ስለዚህ የሚሠራው በሰዓቱ ላይ ነው። «እናቴ ታማብኝ ነበር፣ በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ።» «ፖስታ ቤቱ ነው ያዘገየው።» «ጉምሩክ ይዞት ይሆናል፣ ትንሽ ታገሰኝ።» መልሱ ሁሉ በትሕትና የተሞላ ነው። ሠላሳኛዋ ቀን ስትሞላ ግን መልሱም ትሕትናውም አብረው ይጠፋሉ። ነገሩ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ነው። የሻጩ እናት በእውነት ታመው ቢሆን እንኳ ማመልከቻ ማስገባት ክፋት አይደለም። ዕቃው ከደረሰ ማመልከቻው ይዘጋል፤ የተጎዳ የለም። ዕቃው ካልደረሰ ግን በይሉኝታ ያለፈ ቀን ተመልሶ አይመጣም። ይሉኝታ ለጎረቤት ነው። መልኩን እንኳ ላላየነው ሰው ይሉኝታ ምን ሊሠራ!

ሌላም ዘዴ አላቸው። ሻጩ ባዶ ፖስታ በገዢው ሰፈር ወደሚገኝ ወደ ሌላ ቤት ይልካል። የመከታተያ ቁጥሩ «ደርሷል» ይላል፤ ከተማውም የፖስታ ቁጥሩም ትክክል ነው። ይሄ የገጠመው ሰው ፖስታ ቤቱ ሄዶ ዕቃው በየትኛው ቤት በር ላይ እንደተሰጠ ማረጋገጫ ጠይቆ ለኢቤይ ማቅረብ አለበት። «ደርሷል ይላል፣ በቃ ተበላሁ» ብሎ መተው የሌባውን ሥራ ማገባደድ ነው።

ከዚህ ዋስትና ውጭ የሆኑ ነገሮችም አሉ። መኪና አይገባበትም፤ ለብቻው ሌላ ደንብ አለው። ቤትና መሬትም አይገባም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከኢቤይ ውጭ የተከፈለ ገንዘብ አይገባም። ጨረታው ላይ የተሸነፈ ሰው በኢሜይል «አሸናፊው ስለተወው ለእርስዎ ሁለተኛ ዕድል ሰጥተናል፣ ገንዘቡን በዚህ ስም በሐዋላ ይላኩ» የሚል መልእክት ቢደርሰው ያ ዕድል ሳይሆን ወጥመድ ነው። እውነተኛ ሁለተኛ ዕድል ሲኖር በኢቤይ ውስጥ ይታያል፤ ክፍያውም በዚያው ይፈጸማል። ሻጭ «ከዚህ ወጥተን እንነጋገር» ካለ የሚወጣው ከዳኛው ዓይን ነው።

ገንዘቡ በየት በኩል ሄደ?

የኢቤይ በር ቢዘጋ ሌላ በር አለ። በሩ ያለው ግን ሲከፍሉ ባለፉበት መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ነው ገንዘብ ማስመለስ የሚጀመረው ዕቃው ሲቀር ሳይሆን ገና ሲከፈል ነው የምንለው።

በፔይፓል ለዕቃ ብሎ የከፈለ ሰው ክርክር ለመክፈት ከከፈለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አለው። ከከፈተ በኋላ ግን በ20 ቀን ውስጥ ወደ ይገባኛል ጥያቄ ካላሳደገው ፋይሉ በራሱ ጊዜ ይዘጋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህች ላይ ነው። ፔይፓል ደግሞ «ለወዳጅና ለቤተሰብ» የሚባል መላኪያ አለው። ሻጩ «በዚያኛው ላክልኝ፣ ኮሚሽን አይቆረጥብኝም፣ ዋጋም እቀንስልሃለሁ» ይላል። በዚያ የተላከ ገንዘብ የገዢ ዋስትና የለውም። ሰውዬው ባንዴ ወዳጅም ቤተሰብም ሆኖ ገንዘቡን ይዞ እብስ! ጥሩ ቤተ ዘመድ አይደለም?

በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ክንዱ የፈረጠመ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ሕግ ላልደረሰ ዕቃ የተጠየቀን ሂሳብ እንደ ሂሳብ ስህተት ይቆጥረዋል። ገዢው ሂሳቡ የታየበት የመጀመሪያው መግለጫ ከተላከለት በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ ያመለክታል። ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከቻው መድረሱን ማሳወቅ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ ደግሞ ጉዳዩን መቋጨት አለበት። እስከዚያ ድረስ ገዢው ክርክር ያለበትን ገንዘብ ክፈል ተብሎ አይገደድም። በእንግሊዝም እዚያው 1974 ላይ የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ ካርድ ሰጪውን ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ያደርገዋል። ክፍያው በመሃል በሌላ ድርጅት በኩል ካለፈ ግን ይህ ሰንሰለት ሊበጠስ እንደሚችል መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። በኢቤይም በባንክም ባንድ ጊዜ መክሰስ ነገሩን ያበላሻል። ባንክ ዘንድ ክርክር ሲከፈት ኢቤይ የያዘውን ፋይል ይዘጋል። መጀመሪያ ኢቤይ፣ እዚያ ካልሆነ ባንክ፤ የ60 ቀኗን ግን በጣት እየቆጠሩ።

ከዚህ ውጭ ያሉት መንገዶች መውጫ እንጂ መመለሻ የላቸውም። በሐዋላ የተላከ ገንዘብ ተቀባዩ ከወሰደው አለቀ። ዌስተርን ዩኒየን አጭበርባሪዎች በመስመሩ ሲጠቀሙ ተባባሪ መሆኑን አምኖ 586 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ገንዘቡም ከዓመታት በኋላ ለተጭበረበሩ ሰዎች መከፋፈል ጀመረ። ከዓመታት በኋላ! በስጦታ ካርድ ቁጥር ክፈሉኝ የሚል ሻጭም ሻጭ አይደለም፤ ሌባ ነው።

አሜሪካ ያለው ወገናችን ለዕቁቡም ለለቅሶውም የሚልክበት ዜል የሚባለውም እንዲሁ ነው። ለሚያውቁት ሰው መላኪያ ነው። ባለቤቱ ራሱ ፈቅዶ የላከው ገንዘብ ዕቃው ስላልደረሰ ብቻ በሕግ አስገዳጅነት አይመለስም። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የዜልን አንቀሳቃሽ ድርጅትና ሦስት ትልልቅ ባንኮችን «ደንበኞቻችሁን ከአጭበርባሪ አልጠበቃችሁም» ብሎ ከሶ ነበር። በማርች 2025፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ ክሱን ራሱ አነሳው። የሸማች መብት እዚያም ቢሆን እንደ ወንበሩ ባለቤት ከፍ ዝቅ ይላል ማለት ነው።

ቨርጂኒያ ያለችው የአክስት ልጅ

አዲስ አበባ ያለ ሰው ከኢቤይ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ በራሱ ካርድ አይደለም፤ በዘመድ ነው። እንበል፣ ለሥራው ካሜራ የፈለገ ልጅ ቨርጂኒያ ላለችው የአክስቱ ልጅ ይደውላል። እሷ በካርዷ ትከፍላለች፤ ዕቃው እሷ ቤት ይደርሳል፤ እሷ ደግሞ ለሚመጣ መንገደኛ ወይም ለዕቃ አጓጓዥ ትሰጣለች። ካሳንችስ ላይ ካርቶኑ ሲከፈት ውስጡ ካሜራ የለም።

ዋስትናው የሚያውቀው ቨርጂኒያ ያለውን በር ብቻ ነው። ዕቃው መጀመሪያ ከተላከበት አድራሻ ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ ከተላከ ኢቤይ አያገባኝም ይላል። ስለዚህ የአክስት ልጅ ካርቶኑን እንደታሸገ ማሳለፍ የለባትም። እዚያው ትክፈተው፣ ታብራው፣ ፎቶ ታንሳው፣ ከማስታወቂያው ጋር ታስተያየው። ጉድለት ካለ እዚያው ሆና ታመልክት። የሀብታም ዘመድ ትዝብት ፈርቶ «ክፈችልኝ» አለማለት ካሜራ ያስከፍላል።

ሌላም አለ። ካርዱ የእሷ ስለሆነ ክርክሩም የእሷ ነው። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ባንኳ ዘንድ ደውሎ «ገንዘቤን» ማለት አይችልም። ቀኑን ቆጥሮ ማስታወስ ግን ይችላል። «እባክሽ ሠላሳ ቀን ሳይሞላ አመልክቺ» ማለት ነዝናዛ አያሰኝም። ቢያሰኝስ?

ወደ ቤታችን ስንመለስ

አገር ቤት ኢቤይ የለም። ቴሌግራም አለ፤ ፌስቡክ አለ። ጫማው፣ ስልኩ፣ ፍሪጁ፣ ላፕቶፑ በፎቶ ተሰልፎ ይታያል። ከሥሩ «ክፍያ በቅድሚያ» ወይም «ቀብድ በቴሌብር» ይላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በአንዲት ጣት ከደሴ ጅማ ይደርሳል። መልካም ነገር ነው፤ የሚጠላው የለም። ነገር ግን ገንዘቡ ሲሄድ በአውሮፕላን፣ ሲመለስ ግን በኤሊም አይደለም።

የተበላው ሰው ጉዞ ይኸውና። ሻጩ ጋ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። ቻናሉም ስሙን ቀይሯል፣ ወይ ገዢውን አግዶታል። ባንክ ሲሄድ «ከሰው ሂሳብ ላይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አናነሳም» ይባላል። ባንኩ ልክ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ «ይሄ የፍትሐ ብሔር ነው» ሊባል ይችላል። ፍርድ ቤት ሲሄድ «የተከሳሹ ሙሉ ስምና አድራሻ?» ይባላል። እሱም ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው፤ ገንዘቡ ግን የለም! ለአራት ሺህ ብር ጫማ ስንት ቀን ከሥራ ይቀራል? ስንት ብር ለማመልከቻ ጸሐፊና ለታክሲ ያወጣል? ሌባው ሒሳቡን ሠርቶ ነው የሚሰርቀው። አራት ሺህ ብር ለመክሰስ ትንሽ፣ ለደመወዝተኛ ግን የወር ቀለብ መሆኑን ያውቃል።

ሕግ ስለሌለ ነው እንዳይባል ሕጉስ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1771 አንዱ ወገን ውሉን ካልፈጸመ ሌላው እንዲፈጸምለት ወይም ውሉ እንዲፈርስ፣ በዚያም ላይ ኪሣራ እንዲከፈለው መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ቁጥር 1772 ከዚያ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ቁጥር 1815 ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ ወደ ነበሩበት ይመለሱ ይላል፤ ይህም ማለት ገንዘቡ ይመለስ ማለት ነው። ቀብድን በተመለከተማ አያቶቻችን የሚያውቁት ነገር ቁጥር 1885 ላይ ተጽፏል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠ ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ቀብድ የተቀበለው ሰው ውሉን ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። እጥፉን! በቴሌግራም «ቀብድ ላክ» የሚለው ሁሉ ይህን ቢያውቅ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ሰውን አታልሎ ጥቅም ማግኘትን በወንጀል ይቀጣል። ከመጀመሪያውም ዕቃ ሳይኖረው የሸጠ ሰው ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ብቻ አይደለም፤ «ይሄ የፍትሐ ብሔር ነው» ለሚለው ፖሊስ መልሱ ይኸው ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። በቴሌግራም የተጻጻፉት ቃል «ይሄማ ወሬ ነው» ተብሎ አይጣልም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? ባለቤት ነው የጎደለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በ2006 ዓ.ም. ሲወጣ ለዚሁ ሥራ የቆመ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነበር። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተጠቃለለ። የኑሮ ውድነትን፣ የወጪ ንግድን፣ የዘይትና የስኳር አቅርቦትን ተሸክሞ የሚያቃስት ሚኒስቴር የአራት ሺህ ብር ጫማ አቤቱታ መቼ ይታየዋል? ሸማቹ ዘበኛ ነበረው፤ ዘበኛው ወደ ትልቁ ግቢ ተዛወረ። በሩ ላይ ማን አለ?

ሻጩም ሰው ነው

«ሻጩስ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ይጠየቅ። ሐቀኛው ሻጭ ቀድሞ ክፈሉኝ የሚለው ሌባ ስለሆነ አይደለም። «አምጣልኝ» ብሎ አዝዞ፣ ሞተረኛው በር ላይ ሲደርስ ስልኩን የሚዘጋ ገዢ ሞልቷል። የኢቤይ ሻጮችም ዕቃው ደርሶት «አልደረሰኝም» የሚል ገዢ ያስለቅሳቸዋል። ስለዚህ «ሻጭ ሁሉ ሌባ ነው» ብሎ መደምደም ድንቁርና ነው። ችግሩ የሰዎች ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ መፍትሔው ስብከት በሆነ ነበር። ችግሩ ግን በሁለቱ መሃል ገንዘቡን የሚይዝ ሦስተኛ እጅ አለመኖሩ ነው።

ቻይኖች ይህን ቀድመው ገብቷቸዋል። ታዎባዎ የሚባለው ገበያቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ተከፈተ። በዓመቱ አሊፔይ መጣ። ገዢው ይከፍላል፤ ገንዘቡ ግን ወዲያው ለሻጩ አይሰጥም። ሻጩ ገንዘቡ መያዙን አይቶ ዕቃውን ይልካል። ገዢው «ደርሶኛል» ሲል ገንዘቡ ይለቀቃል። በቃ! ያን ጊዜ ቻይና ውስጥ የነበረው ግዙፉ ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የቻይና ገበያውን ዘግቶ ወጣ። የወጣበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ነገር ግን ማንም ማንንም በማያምንበት ገበያ ገንዘቡን መሃል ላይ የያዘው አሸነፈ።

ይሄ ለኛ ባዕድ ነገር ነው እንዴ? አይደለም። ዕቁብ ሰብሳቢ ያለን ሕዝብ ነን። በሽማግሌ እጅ ገንዘብ አስቀምጠን ከብት ስንገዛ የኖርን ነን። «አደራ» የሚለውን ቃል ያህል የከበደ ቃልም የለንም። ያንን አደራ ወደ ስልክ ማስገባት ነው የቀረው። በሚሊዮን የሚቆጠር ደንበኛ ያላቸው የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶችና ባንኮች ከእያንዳንዱ ዝውውር ላይ የአገልግሎት ዋጋቸውን ለመቁረጥ አልረሱም። ለግዢ የሚሆን፣ ዕቃው እስኪደርስ ገንዘቡን የሚይዝ አንድ መንገድ ቢከፍቱ ምን ያጡ ነበር? ለሻጭነት የሚጠቀምበትን ሂሳብ በንግድ ፈቃድ ቢያስመዘግቡት፣ አቤቱታ የተደራረበበትን ሂሳብ በሕግ አግባብ እንዲታይ ቢያደርጉት ምን ይጎድልባቸው ነበር? መንግሥትስ ለትንንሽ ገንዘብ የሚሆን አንድ በር፣ ያለ ጠበቃ፣ በአጭር ቀን የሚወሰንበት ችሎት መክፈት እንዴት ያቅተዋል? ግብር ለመሰብሰብ ሲሆን የቴሌግራም ነጋዴውን ማግኘት የሚቻል፣ ሸማቹ ሲጮህ ግን «አድራሻው አይታወቅም» የሚባልበት ምክንያት ምንድነው? ቅድም ያዙልኝ ያልኩትን አሁን አምጡት። ማንም ነጋዴ፣ ማንም ባንክ በገዛ ደግነቱ ዋስትና አልሰጠም። የተገደደ ነው የሰጠው።

እስከዚያው ግን…

ያ እስኪመጣ ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያዋጣም። የሚቻል ከሆነ ዕቃው ሲደርስ፣ ከፍቶ አይቶ መክፈል። ቀድሞ መክፈል ግድ ከሆነ የሻጩን የንግድ ፈቃድና የሱቅ አድራሻ መጠየቅ፤ የሂሳቡ ባለቤት ስም ከሻጩ ስም ጋር ካልተመሳሰለ መተው። ማስታወቂያውን፣ የተጻጻፉትን፣ የክፍያውን ደረሰኝና የግብይት ቁጥሩን ቻናሉ ሳይጠፋ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ። ቀኑ ካለፈ «እስከዚህ ቀን ካላደረስክ ውሉ ፈርሷል፣ ገንዘቤን መልስ» ብሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ። ካልመለሰ በዚያው ሳምንት ማስረጃውን ይዞ ፖሊስ ጋ መሄድ፤ ገንዘብ ከሂሳቡ ወጥቶ ሳይበተን። በዚያው ሰው የተበሉ ሌሎች ካሉም ተፈላልጎ አንድ ላይ ማመልከት። አንድ ሰው ሲያመለክት «አለመግባባት» ይባላል፤ ሃያ ሰው ሲያመለክት ወንጀል መሆኑን ማንም አይክደውም።

ከሁሉም በፊት ደግሞ የተበላውን ሰው «ለምን ላክህ? ሞኝ ነህ እንዴ?» ማለታችንን እንተው። ይቺ አነጋገር ናት ሰዉን አፍሮ ዝም የምታሰኘው። ሌባው ከሰረቀው ገንዘብ በላይ የሚጠቀመው በተሰራቂው እፍረት ነው። ማፈር ያለበት የሸጠውን ያላደረሰ ሻጭ፣ ገንዘቡን አስተላልፎ «አያገባኝም» የሚል ድርጅት፣ ሕጉን ጽፎ በመደርደሪያ ላይ የረሳ ባለሥልጣን ነው። ከፍሎ ወተት የጠበቀው ሰውማ ምን አጠፋ?